ግቢ ያደገ ውሻ ለሌላ ቤት ሲሰጥ፦ ለማን፣ መቼና እንዴት?

ጥያቄ፦ ከግቢ ቤት ለቀን ከሁለት ወር በኋላ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ እንገባለን። ቦቢ የሚባል የ5 ዓመት ወንድ ውሻ አለን፤ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው፣ 32 ኪሎ ይመዝናል። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። ሰው ነክሶ አያውቅም፤ ሲበላ ሰው ከተጠጋው ግን ያጉረመርማል። ሁለት ፈላጊ አለው። አንዱ የሕንፃ ግንባታ ኃላፊ ነው፣ ለጥበቃ ይፈልገዋል። ሌላው ቢሾፍቱ የሚኖር የባለቤቴ ዘመድ ነው፤ ሰፊ ግቢ፣ የ6 ዓመት ልጅና ዶሮዎች አሉት። ለማን ብንሰጠው ይሻላል? ልጆቻችን (9 እና 12 ዓመት) እንዳያዝኑ ለአዲሱ ቤት ትንሽ ውሻ እንገዛላችኋለን ብለናቸዋል፤ የትኛውን ዘር ይመክሩናል?

ምላሽ፦

ከሁለቱ የቢሾፍቱው ይሻላል፤ ያውም አጥሩ፣ የዶሮው ቤትና የልጁ ነገር ከተስተካከለ ብቻ። ካልተስተካከለ ሁለቱንም ትተው ሌላ ሰው ይፈልጉ። ትንሹን ውሻ መግዛቱን ለአሁኑ ያቆዩት፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ሁለት ወር ለዚህ ሥራ ይበቃል፣ ግን ዛሬ ከተጀመረ ነው። ዕቃ በሚጫንበት ሳምንት ለተገኘው ሰው የተሰጠ ውሻ ብዙ ጊዜ አይበረክትም።

የግንባታ ቦታውን የማልመክረው ሰውየው ክፉ ነው ብዬ አይደለም። ግንባታ ያልቃል። ሥራው ሲያበቃ ኮንቴይነሩ ይነሳል፣ ዘበኛው ሌላ ሳይት ይመደባል፣ ውሻው ግን የማንም ስላልሆነ እዚያው ይቀራል። እስከዚያም ቢሆን ቀን ቀን በማያውቃቸው ሠራተኞች መሃል ታስሮ መዋል አለበት፤ ማምለጫ የሌለው ውሻ ሰው ሲጠጋው ያለው አማራጭ መንከስ ብቻ ነው። ምግቡ የሠራተኛ ትርፍራፊ ይሆናል። ሰውየውን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «ሕንፃው ሲያልቅ ውሻው የሚሄደው የማን ቤት ነው?» የሰው ስምና ቤት ከጠቀሰ ሊታሰብበት ይችላል። «አይ፣ ችግር የለም፣ እናየዋለን» ካለ መልሱን አግኝተዋል።

ይዘነው ብንገባስ ብለው አልጠየቁም። ትልቅ ውሻ ፎቅ ላይ መኖር አይችልም የሚለው እምነት ልክ ስላልሆነ ግን ላንሳው። ጠዋትና ማታ 45 ደቂቃ የሚያንሸራሽረው ሰው ካለና ቀን ቤት ሰው የሚውል ከሆነ 32 ኪሎ ውሻ ሁለት ክፍል ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው። የቦቢ ችግር ልምዱ ነው። ለአምስት ዓመት የበር ድምፅ በሰማ ቁጥር እንዲጮኽ ነው የኖረው። በደረጃ ላይ የሚያልፈው ሁሉ ለእሱ በር እንደሚነካ ሌባ ነው። ይህን ማስተው የወራት ሥራ ነው፣ ጎረቤት ደግሞ ያን ያህል አይታገሥም። ስለዚህ ለመስጠት መወሰናችሁ ትክክል ይመስለኛል።

አሁን ከጤናው እንጀምር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱን ያውጡ። የመጨረሻው ክትባት ከዓመት ካለፈው ወይም ካርዱ ከጠፋ እንዳልተከተበ ቆጥረው በዚህ ሳምንት ያስከትቡት። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ መከላከያው አስተማማኝ እስኪሆን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፤ ውሻውን ከዚህ ጊዜ በፊት ልጅ ያለበት ቤት መስጠት አይገባም። ካርዱ ላይ ከብልቃጡ የተላጠው የክትባቱ ምልክት መለጠፉን፣ ቀንና የሐኪም ፊርማ መኖሩን ይዩ። «ተከትቧል» የሚል የቃል ምስክርነት በኋላ ሰው ቢነከስ ለማንም አይጠቅምም።

ቀጥሎ ማኮላሸት። ያሰንፈዋል፣ አይጠብቅም የሚባለው አይደለም። ቦቢ በር ላይ የሚጮኸው ከዘሩና ከልምዱ ነው፣ ይህ አይጠፋም። የሚቀንሰው ሴት ፍለጋ አጥር መዝለሉና ከሌላ ወንድ ጋር መናከሱ ነው። አዲስ ግቢ ለሚገባ ውሻ ደግሞ ትልቁ አደጋ መጥፋት ነው። ቁስሉ ለመዳን ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ ሴት የማስረገዝ አቅሙ ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ላይ ቢሠራ በርክክቡ ቀን ቁስሉም ድኖ፣ ሆርሞኑም ቀንሶ ይደርሳል። ቀዶ ሕክምናና ቤት መቀየርን በአንድ ሳምንት አያጋጥሙ።

የትል መድኃኒት ከመሄዱ በፊት ይሰጠው። በየክሊኒኩ የሚገኙት ፕራዚኳንቴል ያለባቸው የውሻ ፍሬዎች አብዛኞቹ ለ10 ኪሎ አንድ ፍሬ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ለቦቢ ሦስት ተኩል ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቢሾፍቱ ላይ የ6 ዓመት ልጅ አለ። በበዓል በግ ሲታረድ ጉበቱ ወይም ሳምባው ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል፤ «ይኼ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይጣላል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የኮሶ ዘመድ የሆነ ትንሽ ትል እጭ ነው። ውሻው ከበላው ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ በዓይን የማይታይ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር መጣል ይጀምራል። እንቁላሉ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ልጅ ውሻውን አቅፎ እጁን ሳይታጠብ ይበላል፤ ከዓመታት በኋላ የልጁ ጉበት ላይ ያው ከረጢት ይገኛል። ውሻው ራሱ ምንም አይታመምም፣ ስለዚህ አይቶ ማወቅ አይቻልም። መፍትሔው ከረጢት ያለበትን ሥጋ መቅበር ነው፤ ጉድጓዱ ውሻ ቆፍሮ የማያወጣው ጥልቀት ይኑረው። ሌላውን የሆድ ዕቃ ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀቅሎ መስጠት ይቻላል። ጥሬ የሚበላ ውሻ ከሆነ ፕራዚኳንቴል በየ6 ሳምንቱ ያስፈልገዋል፤ የማይበላ ከሆነ በየ3 ወሩ ይበቃል።

ለመዥገርና ለቁንጫ ብለው የከብት አይቨርሜክቲን እንዳያስወጉት። መጠኑ ለከብት ተብሎ የተዘጋጀ ስለሆነ ለውሻ ሲለካ በቀላሉ ይበዛል፤ አንዳንድ የእረኛ ዘሮች ደግሞ መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው እንዳይገባ የሚከለክለው ነገር በተፈጥሮ ስለሚጎድላቸው በመደበኛው መጠን እንኳ ሊንቀጠቀጡና ሊሞቱ ይችላሉ። ክልስ ውሻ ከማን ምን እንደወረሰ አይታወቅም።

ወደ ማጉረምረሙ ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ምግቡን የሚጠብቅ ውሻ ክፉ ውሻ አይደለም፣ ግን የ6 ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ሲገባ ይህ መደበቅ የሌለበት ነገር ነው። ዘመድ ስለሆኑ ማፈር ሊኖር ይችላል፤ እንዲያውም ዘመድ ስለሆኑ ነው በግልጽ መነገር ያለበት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ሲያጉረመርም የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፣ ፍርሃቱን ግን አይተውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ሳህኑን እየነጠቁ «ማስለመድም» እንዲሁ ነው፤ ሰው ሲመጣ ምግቤ ይሄዳል የሚለውን ፍርሃቱን ያረጋግጥለታል።

ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ያድርጉ። ሲበላ አንድ ትልቅ ሰው በሦስት ሜትር ርቀት ያልፋል፤ ሳይቆም ጣት የምታህል የተቀቀለ ሥጋ ወደ ሳህኑ ወርውሮ ይሄዳል። በአንድ መብል ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል። ዓይኑን ይመልከቱ፦ አንገቱ ከደረቀ፣ አበላሉን ካፈጠነ ወይም የዓይኑ ነጭ ከታየ ርቀቱ ቀርቧል ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ይመለሱ። ተዝናንቶ ቀና ብሎ የሚጠብቅዎ ከሆነ በየሦስት አራት ቀኑ ግማሽ ሜትር ይጠጉ። አንድ ሜትር ላይ ያቁሙ፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ይህን ልጆች አይሥሩት። በሁለት ወር ይሻሻላል፤ ይጠፋል ብዬ ግን ቃል አልገባም። ስለዚህ ቢሾፍቱም ሁልጊዜ ለብቻው፣ በር ተዘግቶበት ይብላ፤ ሳህኑ የሚነሳው እሱ ከዚያ ከወጣ በኋላ ነው። ይህን ሕግ የሚያስከብር አንድ ትልቅ ሰው ቤቱ ውስጥ በስም ካልተገኘ ቦቢን እዚያ አይስጡት።

አሁን ሰዎቹን ሄደው ይዩ፤ በስልክ አይጨርሱት። አጥሩን ዙሪያውን ይሂዱበት። ሼፐርድ ክልስ ከ1.80 ሜትር በታች የሆነ አጥር በቀላሉ ይዘላል፤ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የሚወጣው። በቆርቆሮውና በመሬቱ መሃል፣ በበሩም ሥር፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት ይዘጋ። በሩን ማን ይከፍታል? የትምህርት ቤት መኪና ሲመጣ፣ ውኃ የሚያመጣ ሲገባ ውሻው የት ይሆናል? በቀን ሰንሰለት ላይ ሊያውሉት ካሰቡ ከዚያ ይልቅ በሽቦ የታጠረ ሦስት በአራት ሜትር የሆነ ጥላና ውኃ ያለው ማደሪያ ቢሠሩለት በብዙ ይሻላል። ሰንሰለት ላይ ያለ ውሻ መሸሽ አይችልም፤ ልጅም ሰንሰለቱ የሚደርስበትን ርቀት አይገምትም። አቅም ከሌለ ደግሞ በሁለት ምሰሶ መሃል ከስድስት እስከ ስምንት ሜትር ሽቦ ወጥሮ ሰንሰለቱን በቀለበት እንዲንሸራተት ማድረግ ከአንድ ችካል ይሻላል።

ቤተሰቡ ውስጥ ውሻ የማይወድ ወይም በእምነቱ ምክንያት ውሻ እንዲነካው የማይፈልግ ሰው ካለ በግልጽ ይጠይቁ። ብዙ ቤት የሚፈልገው አባወራው ነው፣ የሚመግበው ሌላ ሰው ነው። ቦቢን በየቀኑ የሚመግበው ማን እንደሆነ ይጠይቁና ያንን ሰው ያነጋግሩ፤ የቤት ሠራተኛዋ ከሆነች እሷም ውሻውን መፍራት የለባትም።

ዶሮዎቹን በተመለከተ «ይለምዳል» ብላችሁ አትሞክሩ። አምስት ዓመት ዶሮ ሳያይ የኖረ ትልቅ ውሻ ከሚሮጥ ዶሮ ጋር ይስማማል ብሎ መገመት አይቻልም። ዶሮዎቹ በወንፊት ሽቦ የተዘጋ የራሳቸው ቦታ ይኑራቸው፤ ልቅ የሚውሉ ከሆነ ውሻው በዚያ ሰዓት ማደሪያው ውስጥ ይሁን። አንድ ዶሮ ከገደለ በኋላ መምታት ምንም አያስተምረውም፤ ቅጣቱን ከዶሮው ጋር ሳይሆን ከመታው ሰው ጋር ነው የሚያያይዘው።

ምግቡም ይነገራቸው። 32 ኪሎ ውሻ በቀን 1,400 ካሎሪ አካባቢ ይፈልጋል። በደረቅ የውሻ ምግብ ወደ 400 ግራም ነው። ቤት የሚቀቀል ከሆነ 250 ግራም ሩዝ ወይም የበቆሎ ዱቄት (ሳይበስል ተመዝኖ) ከ300 ግራም ያህል የልኳንዳ ቁርጥራጭ ወይም ሳምባ ጋር ይቀቀላል፤ አጥንት ለማይበላ ውሻ ለአንድ ኪሎ ምግብ አንድ የሻይ ማንኪያ በደንብ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመርበታል። ለሁለት ከፍሎ ጠዋትና ማታ። ከሳ ወይስ ወፈረ የሚለውን በዓይን ሳይሆን በእጅ ይወቁት፦ ጎኑን ሲዳስሱ የጎድን አጥንቱ ሳይጫኑ ሊቆጠር ይገባል። እኛ አገር ዋናው ስሕተት ወጥ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በስሎም ቢሆን የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ለእንዲህ ያለ ትልቅ ውሻ በአንድ ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው ግማሽ ኪሎ አካባቢ ቢሆንም በየቀኑ በእንጀራ የሚፈተፈት የወጥ ትራፊ እየተጠራቀመ ያደክማል። ድዱ ነጣ፣ ሽንቱ ጠቆረ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ሹል ሆኖ ስለሚሰበር አይሰጥ።

የርክክቡ ቀን። ከጉዞው በፊት ለስድስት ሰዓት ያህል ምግብ አይብላ፤ ውኃ ይጠጣ። ጠዋት በደንብ ያንሸራሽሩት። ሲጓዝ አፉን በጨርቅ ጥብቅ አድርገው አይሰሩ፤ ውሻ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ስለሆነ ሙቀት ሊገድለው ይችላል። የአፍ መከለያ ካስፈለገ አፉን የሚያስከፍተው የቅርጫት ዓይነት ይሁን። ያልታጠበ የሚተኛበት ምንጣፍ፣ የራሱ ሳህን፣ የሁለት ሳምንት የለመደው ምግብ አብረው ይሂዱ። አንገቱ ላይ የአዲሱ ባለቤት ስልክ የተቀረጸበት ምልክት ከመኪና ሳይወርድ በፊት ይታሰርለት። ግቢው ውስጥ በገመድ ይዘውት አንድ ዙር ያዙሩት፣ ልጁ በዚያን ሰዓት ቤት ውስጥ ይሁን። አንድ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው፣ ሰውየው ራሱ ሲመግበው አይተው፣ ሳይሰናበቱት ይውጡ።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማታም ቢሆን ልቅ አይለቀቅ። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የወጣ ውሻ ቤቱን ፍለጋ የሚሄደው መኪና ወደሚበዛበት መንገድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ላይበላ፣ ጥግ ይዞ ሊተኛ ይችላል፤ ውኃ እስከጠጣ ድረስ አያስጨንቅ። እውነተኛው ፀባይ የሚታየው ቤቱን ቤቴ ማለት ሲጀምር፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ነው። ችግር የሚደርሰውም ያኔ ነው፤ ሰዎቹ «ለምዷል» ብለው ጥንቃቄውን የሚተዉት በዚያው ጊዜ ነውና። ልጁ ውሻውን ማቀፍ፣ ሲተኛ መንካት፣ ማደሪያው ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም። ትልቅ ሰው ባለበት መዳፉ ላይ ምግብ አድርጎ በሽቦው በኩል ቢሰጠው፣ ቦቢ እሱን ሲያይ ጭራውን እስኪቆላ ድረስ በቂ ነው። የእናንተ ልጆች ለጥየቃ ቢሄዱ የምመክረው ከመጀመሪያው ወር በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ከሆነ እነሱ በሄዱ ቁጥር ውሻው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ወረቀት ይኑር፣ ዘመድም ቢሆን። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም። «ለጊዜው ያዙልን» ተብሎ የተሰጠ ውሻ ሰው ቢነክስ ባለቤቱ ማነው የሚለው ክርክር እርስዎ ቤት ይመጣል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የሁለቱ ወገን ስምና መታወቂያ፣ የውሻው መልክና ዕድሜ፣ የተሰጠበት ቀን፣ ባለቤትነቱ መተላለፉ፣ ሲበላ እንደሚያጉረመርም ተነግሯቸው መቀበላቸው፣ በሦስት ወር ውስጥ ካልተስማማቸው ለሌላ ሰው ሳይሰጡ ለእርስዎ እንደሚያሳውቁ። የክትባት ካርዱ አብሮ ይሰጥ፣ ፎቶ ኮፒው እርስዎ ጋ ይቅር።

ንክሻ ከደረሰ ምን እንደሚደረግም አስቀድሞ ይነገራቸው። ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠባል፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይኬዳል፤ ውሻው የተከተበ ቢሆንም። ጠበል የሚፈልግ ሰው ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም። ውሻው በንዴት አይገደል። ተዘግቶበት 10 ቀን ይጠበቅ፤ በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በለሃጩ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ይህም የተነከሰውን ሰው ሐኪም ይረዳዋል። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ያለበት ከተማ ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም ለማግኘት አይቸገሩም።

የቢሾፍቱው ካልሆነና ጊዜው ካለቀስ? ከከተማ ዳር አውጥቶ መተው መፍትሔ አይደለም። ግቢ ያደገ ውሻ ከመንገድ ውሾች ጋር ተናክሶ፣ በመኪና ተገጭቶ ወይም መርዝ በልቶ ነው የሚያልቀው፤ እስከዚያው ደግሞ ተርቦና ፈርቶ ሰው ሊነክስ ይችላል። የሚከፈልበት ማቆያ ካገኙ ለአንድ ለሁለት ወር ያቆዩትና ፍለጋውን ይቀጥሉ። ቦቢ እንዲህ ዓይነት ውሻ አይደለም እንጂ፣ በተደጋጋሚ ሰው የነከሰና ተቀባይ የሌለው ውሻ ከሆነ በሐኪም እጅ በመርፌ እንዲያርፍ ማድረግ ከመንገድ በእጅጉ የተሻለ ነው። ይህን የምለው ሰዎች እያፈሩ ዝም ስለሚሉት ነው።

አሁን ትንሹ ውሻ። ዘር ከመጠየቅ በፊት ቤቱ በቀን ስንት ሰዓት ባዶ እንደሚሆን ይቁጠሩ። ሁለታችሁም ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሆኑ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት፣ አሥር ሰዓት ነው። የሦስት ወር ቡችላ ሽንቱን የሚይዘው ለሦስት አራት ሰዓት ነው፤ ጎልማሳ ውሻም ከስምንት ሰዓት በላይ መጠየቅ የለበትም። ብቻውን የሚውል ቡችላ ይጮኻል፣ በር ይበላል፣ ቤት ውስጥ ይጸዳዳል፤ በስድስተኛው ወር ደግሞ እንደገና «ለማን እንስጠው?» ይመጣል። ትንሽ ውሻ ዝምተኛ ነው የሚባለውም ልክ አይደለም። በየደረጃው ኮቴ የሚጮኹት ብዙ ጊዜ ትንንሾቹ ናቸው። ከተማችን ውስጥ «ፑድል» ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ጸጉራም ሁሉ ፑድልም አይደለም፤ ምን ያህል እንደሚያድግ ሻጩም አያውቀውም። ጸጉሩ በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካልተቆረጠና በየቀኑ ካልተበጠረ ተቆላልፎ ቆዳውን ያቆስላል።

ስለዚህ ልጆቹን እንዲህ ይፈትኗቸው። ኮንዶሚኒየሙ ከገባችሁ በኋላ ለአራት ሳምንት ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተው አራቱን ፎቅ ወርደው 20 ደቂቃ ይመላለሱ፤ ማታም እንዲሁ፤ ዝናብም ቢሆን፣ ቅዳሜም ቢሆን። ውሻ የለም፣ ገመዱ ብቻ። እስከ አራተኛው ሳምንት ከቀጠሉ ውይይቱ ቁም ነገር አለው። ካልቀጠሉ ውሻውን የሚያወርዱት እርስዎ ነዎት፣ ያንንም አሁን ማወቁ ይሻላል። የሕንፃውን ማኅበር ደንብም በዚያው ሰሞን ይጠይቁ። ሌላው ዕድሜ ነው፦ ትንንሽ ውሾች ከ12 እስከ 15 ዓመት ይኖራሉ፤ የ9 ዓመቱ ልጅ ያን ጊዜ ከ20 ዓመት በላይ ነው፣ ምናልባት ሌላ ከተማ።

ፈተናውን ካለፉና ቀን ቤት የሚውል ሰው ካለ ዘሩን ትተው ዕድሜውን ይምረጡ። ሁለት ሦስት ዓመት የሆነው፣ ፀባዩ የታወቀ፣ ባለቤቱ በመሄዱ ወይም ቤት በመቀየሩ የሚሰጥ ትንሽ ወይም መካከለኛ ውሻ፣ ክልስም ይሁን የሀበሻ ውሻ፣ ከማንኛውም ቡችላ ይመቻችኋል። ከላይ ስለ ቦቢ ያነሳሁትን ሁሉ እሱን የሚሰጠውን ሰው ይጠይቁት። ቡችላ ነው የምንፈልገው ካላችሁ ደግሞ ከስምንት ሳምንት በታች የሆነውን አይውሰዱ፣ እናቱን ሳያዩ አይግዙ፣ መንገድ ዳር በካርቶን ከሚሸጥ አይግዙ። ፓርቮ የሚባለው በሽታ ያልተከተበን ቡችላ በደም ተቅማጥ በቀናት ውስጥ ይገድላል፤ በተገዛ በሳምንቱ የሚሞተው ቡችላ በብዛት የያዘው ከመሸጡ በፊት ነው። ክትባቱ ከስድስት ወይም ከስምንት ሳምንት ጀምሮ በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደጋገማል፤ አንድ ጊዜ መወጋት አይበቃም። በፓርቮ የሞተበት ቤት ደግሞ ወለሉ መጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ፣ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውኃ ተበጥብጦ ለ10 ደቂቃ ካልቆየበት ቫይረሱ ለወራት ይኖራል፤ የሚቀጥለውንም ቡችላ ይጠብቃል።

ቀን ቤት ባዶ ከሆነ ግን ድመት ያስቡ፤ እንዲያውም ለእናንተ ቤት መጀመሪያ የምለው እሱን ነው። አሥር ሰዓት ብቻዋን ብትውል አትጎዳም፣ ደረጃ ማውረድ የለም። አራተኛ ፎቅ ስለሆናችሁ መስኮትና በረንዳ ላይ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ከመምጣቷ በፊት ይሠራ፤ ድመት ከፎቅ አትወድቅም የሚለው ተረት ብዙ መንጋጋና እግር አሰብሯል። የአሸዋ ሳጥኗ በየቀኑ ይጸዳ። በዓይነ ምድሯ የሚወጣው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ እንቁላል ሰውን መያዝ የሚችለው ቢያንስ አንድ ቀን ከቆየ በኋላ ስለሆነ በየቀኑ የሚጸዳ ሳጥን አደጋው በጣም ያንሳል፤ ነፍሰ ጡር ግን ባታጸዳው ይመረጣል። አምስት ወር ሳይሞላት ትምከን፣ ከአራት ወሯ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች። የእብድ ውሻ ክትባት ለእሷም ያስፈልጋታል። ጥንቸል ልጆች ማቀፍ ስለሚወዱ ይገዛል፣ ጥንቸል ግን መታቀፍ አይወድም፤ ታግሎ ሲወድቅ ጀርባው ይሰበራል። ዓሣ ከፈለጉ ጋኑ ውኃ ተሞልቶ፣ ማጣሪያው እየሠራ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይዘጋጅ፤ በገዙበት ቀን ዓሣ የገባበት ጋን በሳምንቱ ነው የሚሞትበት።

ልጆቹን ቃል አፍርሳችኋል እንዳይሉ ከወዲሁ እውነቱን ንገሯቸው፦ መጀመሪያ ቦቢ ቤቱ ይደላደል፣ ሦስት ወሩ ይለፍ፣ ሊመለስም ይችላልና። ሌላ ውሻ ቤት ውስጥ እያለ ቦቢ ቢመለስ የት ታስገቡታላችሁ?